አራስ እናት ለጭንቀቷ ብትታከም እምነቷ ጎደለ ይባላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ሴት ልጅ ከወለድኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። በእርግዝናዬ የጀመረኝ ጭንቀት አሁን ብሶብኛል፤ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ፤ ልጄን ሳቅፋት ምንም አይሰማኝም። የጤና ባለሙያዋ የምክር ሕክምና እንድከታተል ነግራኛለች። አማቴ ግን «ጸበል እያለ ይህ እምነት ማጣት ነው» ይላሉ። ሰማንያ ቀን ስላልሞላኝ ቤተ ክርስቲያን መግባት አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሂጂና ታከሚ።

በወለዱ ሰሞን ሆድ የሚብሳቸው እናቶች ብዙዎች ናቸው፤ ያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ያንቺ ግን ሰንብቷል፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶው የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል። ታዲያ ከአምስት አራሶች አንዷ እምነት የላትም ልንል ነው?

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለምኗል። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፣ ተኛ፤ እንደገና አበላው። ተግሣጽ የሚቀናን እኛ ነን። አራስ ሊጠይቁ መጥተው «ጤነኛ ልጅ ታቅፈሽ ምን ያስለቅስሻል?» ከማለት፣ ገንፎውን ቀምሰው ሕፃኗን ተቀብለው እናቲቱን ቢያስተኟት ምንኛ በጎ ነበር!

አማትሽ በፍቅር እንደተናገሩ አልጠራጠርም። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ አስተምረዋል። ጸበሉን ባለቤትሽ ያምጣልሽ፤ ከቀጠሮሽም አትቅሪ።

ሰማንያው ቀን ከቤተ መቅደስ እንጂ ከጸሎት አይለይሽም። የንስሐ አባትሽን ቤትሽ ጥሪያቸው። ልጅሽን ስታቅፊ ምንም አለመሰማቱን ግን እንደ ኃጢአት አትቁጠሪው፤ የሕመሙ ምልክት ነው፤ ለምክር ባለሙያዋ ሳታፍሪ ንገሪያት። አራስ ነሽና ጾም አይመለከትሽም፤ በሚገባ ብዪ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። መድኃኒት ካስፈለገሽ እያጠቡ የሚወሰድ ስላለ፣ እንደምታጠቢ ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ መድኃኒቱን በራስሽ አታቋርጪ።

ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ወዲያው ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ብቻሽን አይተዉሽ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዱሽ።