ሳያባርሯችሁ ሥራችሁን አትልቀቁ

ልጆቼ፣

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። የምጽፈው የኤችአይቪ ቫይረስ በደማችሁ ላለ፣ ሥራ ለምትፈልጉም ሆነ የያዛችሁትን ለመተው ለምታስቡ ወጣቶች ነው። ማንም ሳያባርራችሁ ራሳችሁን አታባርሩ።

በጠረጴዛዬ ላይ ብዙ የመልቀቂያ ደብዳቤ አልፏል። «በኤችአይቪ ምክንያት አሰናብተናል» የሚል አንድም አላየሁም። ያየሁት «በግል ጉዳይ ምክንያት» የሚለውን ነው። አንዳንዱም ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍ ይቀራል። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነበረች፤ እጇ ፈጣን፣ አለቃዋ የሚመካባት። የሰፈር ሰው ያየኛል ብላ መድኃኒቷን የምትወስደው ደሴ ነው። ቀጠሮዋ ሲደርስ «ምን ሆነሽ?» መባሉን ስለምትፈራ ፈቃድ ሳትጠይቅ በጠዋት በሃረጎ ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ ትወጣለች። መጀመሪያ ደመወዟ ተቆረጠ፤ ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። አሁንም ዝም አለች። አንድ ቀን መታወቂያዋን ለጥበቃው ሰጥታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እውነቱን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከራሷ አፍ ነው። ሕመሙ አንድም ቀን ከማሽኗ አላስነሳትም ነበር። እንጀራዋን ያሳጣት ቀጠሮዋን መደበቋ ነው፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ እየተጠነቀቀ በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት ቀን ያለፈቃድ የቀረን ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጡት ወዲያው ማሰናበት ይፈቅዳል። ያው አዋጅ ግን የሕመም ፈቃድም ይሰጣል፤ በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር፣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ስለዚህ ከሐኪም ወረቀት ሳትይዙ አትቅሩ። ሐኪሙን የበሽታውን ስም ሳይሆን የፈቃዱን ቀን ብቻ እንዲጽፍ ለምኑት። የምሽት ፈረቃ ካላችሁ ደግሞ ጠዋት ከሥራ ስትወጡ ወደ ጤና ተቋሙ እለፉ። ሁኔታችሁ የተረጋጋ ከሆነ መድኃኒቱን የብዙ ወራት፣ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ በአንዴ መውሰድ የሚቻልበት አሠራር አለና ጠይቁ። በዓመት ሁለት ቀን ፈቃድ ማንም አይነፍጋችሁም።

በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው «ያለአግባብ ተባረርኩ» ብሎ የሚከስበትን መንገድ በእጁ ያጠብባል። በእርግጥ ካሰናበቷችሁ ግን ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ብዙ ልጆች ይህን ጊዜ በለቅሶ ይጨርሱታል። ገበናዬ ይወጣል ብላችሁ ከሰጋችሁ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችላላችሁ።

የምርመራውንም ነገር እወቁት። አሠሪ በበቂ ምክንያት የጤና ምርመራ ማዘዝ ይችላል፤ ሕጉ ግን የኤችአይቪ ምርመራን ከዚህ ለይቶ አውጥቶታል። ወደ ዓረብ አገር መሄድ ሌላ ነው። የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሥራ ቪዛ ከመስጠታቸው በፊት ኤችአይቪን ይመረምራሉ፤ ቫይረሱ ከተገኘ አይቀበሉም። የወሎ ልጅ ውጤቱን የሚሰማው ብዙ ጊዜ እዚያ ምርመራ ላይ፣ ቤተሰቡ ለጉዞው ከተበደረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደላላ «በባሕር ላሻግርሽ» ይላል። እሺ አትበሉት። በዚያ መንገድ ላይ ክኒን አይገኝም፤ የተቋረጠ መድኃኒት ደግሞ ቫይረሱ እንዲለማመደው ያደርጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ክኒን ያለቀባቸው ሰዎች ምን እንደሆኑ እኛ የዚህ አገር ሰዎች እናውቃለን።

አብሽሩ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ዛሬ ለብዙዎች በቀን አንድ ክኒን ነው። በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ እስከሚሆን ከወረደና እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አይተላለፍም። ከአንድ መቀስ፣ ከአንድ መጸዳጃ፣ ከአንድ ትሪ ምሳማ ቀድሞም አልተላለፈም። ፈረቃ ቢቀያየር የማይናጋ ሰዓት ምረጡ። በረመዳን ጿሚ የሆነ ሰው በኢፍጣር ወይም በሱሁር ሊወስደው ይችላል። ጸበል የምትጠጡም ክኒኑን ሳትተዉ ጠጡ።

ለማን ትንገሩ? እኔ ለአለቃ ንገሩ አልልም፤ ግዴታም የለባችሁም። ከሥራ ቦታ አንድ የምታምኑት ሰው ቢኖር ግን ቀጠሮ ሲደርስ ፈረቃ የሚቀያየራችሁ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ በሠራተኛ አስተዳደር ለተቀጠራችሁ ወጣቶች። የሕመም ፈቃድ ወረቀት ሲመጣላችሁ ቀኑን መዝግቡና ወረቀቱን በሚቆለፍ መሳቢያ አስቀምጡ፤ በጠረጴዛ ላይ አትተዉት፤ ለመስመር አለቃው ከቀኑ ሌላ አትንገሩት። አንድ ሰው ደጋግሞ ከቀረ ማስጠንቀቂያውን ከመጻፋችሁ በፊት በር ዘግታችሁ «የሕክምና ቀጠሮ አለህ? አለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሽታውን አትጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ቀጣዩን የቀጠሮ ቀን ተቀብላችሁ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ሙሉ።