ጀበናና ሲኒ ከጅማ አዲስ አበባ ሳይሰበር እንዲደርስ

ሰላም፣ ጀበናና 12 ሲኒ በአውቶቡስ እንዴት ልላክ ብለሃል። ጀበና አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው አንገቱና እጀታው ከሆዱ በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ሆዱን ብቻ ጠቅልሎ መተው አይበቃም። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት በተጨማደደ ወረቀት ሙላው፤ ከዚያ አንገቱን ከሆዱ እኩል እስኪወፍር ድረስ በጨርቅ ጠምጥመው። ታጥቦ ያልደረቀ ከሆነ አትጠቅልለው፣ እርጥበት የጠጣ ካርቶን ይልፈሰፈሳል።

ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ጠቅልለህ በጎናቸው ደርድር። አንዱን በሌላው ውስጥ ከከተትክ ግን መንገዱ ሲያንገጫግጭ የላይኛው እንደ ሽብልቅ ገብቶ የታችኛውን ይሰነጥቀዋል። ከጀበናው ጋር አትቀላቅላቸው፤ የራሳቸው ትንሽ ካርቶን ይኑራቸው።

ሁለቱንም በትልቅ ካርቶን ስታስገባ ከሥር፣ ከላይና ከዙሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መሙያ አድርግ። ጅማ ላይ የቡና ገለባ መች ጠፍቶ! ደረቁን በትናንሽ ፌስታል ቋጥረህ ጠቅጥቅ፤ ልቅ ገለባ እየተንቀጠቀጠ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ባዶ ይተዋል። ዘግተህ ነቅንቀው፤ ከተንኳኳ ክፈተውና ጨምርበት። «ተሰባሪ» ብሎ መጻፉ አይከፋም፣ ግን ከሥር እንዳይጫን ለረዳቱ በአፍህ ንገረው።