ቻይንኛ ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቻይና ተቋራጮችና በአገራችን ሰዎች መካከል በአስተርጓሚነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሰሞኑ ቻይንኛ ለመማር የተመዘገባችሁ አንዳንዶቻችሁ «ስንት ወር ይፈጃል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በወር የሚቆጠር ነገር ስላልሆነብኝ መልሱን በደብዳቤ ማድረግ መረጥሁ።

ፑቶንግኋ የሚባለው መደበኛ ቻይንኛ አራት ዋና ዋና ቃናዎች አሉት፤ ቃናው ሲለወጥ ቃሉም ይለወጣል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» እንደሚሆን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ፣ የእኛውን ከእናታችን አፍ ስለሰማነው የማንሳሳትበት መሆኑ ነው። «ማይ» ድምፁ ጎንበስ ብሎ ሲነሣ መግዛት፣ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መሸጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ቲያንጂን ከተማ ብረት ልንገዛ ሄደን፣ እኔ ልንሸጥ እንደመጣን ስናገር፣ ባለመጋዘኑ በር ላይ የቆመውን ባዶ መኪናችንን ደጋግሞ ያየው ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከምንም በላይ ጆሯችሁን አሠልጥኑ። እ.ኤ.አ. በ1958 የጸደቀው ፒንዪን፣ ማለትም በላቲን ፊደል የሚጻፈው ንባብ፣ ለጀማሪ ይረዳል፤ በእርሱ ላይ ተኝቶ የቀረ ተማሪ ግን የሱቅ ምልክት እንኳ ሳያነብ ይመረቃል። የቻይናን ጽሕፈት በየቀኑ በእጅ ከመጻፍ ሌላ አቋራጭ አላገኘሁለትም።

ቃሉን በትክክል ሰምቶ ሐሳቡን መሳትም አለ። አንድ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ሽማግሌዎች ከዋናው መንገድ ወደ መንደራቸው መግቢያ እንዲሠራላቸው ሲጠይቁ፣ የሥራው ኃላፊ ፈገግ ብሎ «ዬንጂዩ ዬንጂዩ» አለ። ቃሉ «እናጠናዋለን» ማለት ስለሆነ እንዲያው ተረጎምሁት፤ ሽማግሌዎቹም አመስግነው ሄደው ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቁ ከረሙ። ሰውየው ግን የጠያቂውን ፊት ላለማሳፈር በጨዋነት እንቢ ማለቱ ነበር። «እስቲ እናያለን» በሚል አገር ተወልጄ ይህን አለማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ሰው ለመረዳት የዛሬውን የቻይና ኑሮ ማወቅ ያሻል። እኛ ቻይናዊ የምንለው ብዙውን ጊዜ ቆብ አድርጎ ሲጣደፍ የምናየውን የሳይት ሰው ነው። ከሲቹዋን ገጠር የመጣ አንድ የኮንክሪት ፎርማን ነበር፤ ሠራተኛውን ስለሚያጣድፍ ሁሉም ይጠላው ነበር። እኔም እጠላው ነበር። ይህ ሰው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በሼንዠን ከተማ ዓመታት የሠራ ሲሆን፣ ሁኮው በሚባለው የነዋሪነት ምዝገባ ግን የገጠሩ ሰው እንደሆነ ስለቀረ፣ ልጁን ከተማ አስገብቶ ማስተማር ስላልሆነለት ከአያቶቿ ጋር ትቷት ነበር። ልጅቱ በየዓመቱ በሰኔ ወር ከአሥር ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ለሚቀመጡበት ጋኦካኦ ለሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ትዘጋጅ ነበር፤ ያውም ምዝገባዋ ባለበት በገጠሩ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ እስከ 2015 በቆየው የአንድ ልጅ ፖሊሲ ዘመን ያደገ ብዙ ወጣት፣ በተለይ የከተማው፣ ወንድምና እኅት ሳይኖረው የሁለት ወላጅና የአራት አያት ተስፋ ብቻውን ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 «ታንግ ፒንግ»፣ ማለትም «ጋደም ብሎ መተኛት»፣ የሚለው አነጋገር በወጣቱ አፍ የገባው ከሩጫው ድካም የተነሣ ነው። በዩቲዩብ የምታዩት የሻንጋይ ሕንፃ ይህን አይነግራችሁም።

ስለ ፎርማኑ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በአንድ ጥያቄ ነው። አንድ እሑድ ማታ፣ እንደ እኛ «እርስዎ» ለማክበር የሚባለውን «ኒን» ጨምሬ፣ «ኒን ላኦጂያ ዛይ ናሊ?» አልሁት፤ የትውልድ ቀዬዎ የት ነው ማለት ነው። ሲጋራውን አጠፋና፣ ግማሹ ባልገባኝ በሲቹዋን አነጋገር እያወራ፣ የልጁን ፎቶግራፍ ከቦርሳው አውጥቶ በመዳፌ ላይ አኖረው።