«ጫጩቴን አይተዋታል?»

ውጭ አገር ለሚያድገው ልጃችሁ አማርኛ የምታወሩበት የሥዕል መጽሐፍ ስትመርጡ መጀመሪያ ሽፋኑን እዩ። ክብ ማኅተም ካለበት አንሱት። ወርቃማው የካልዴኮት ሜዳሊያ ነው። ብርማው ለአሸናፊው ተጠግተው የክብር ዕውቅና ላገኙት ይለጠፋል። ሽልማቱ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል።

ይህን የማወራው ሽልማት ስለማመልክ አይደለም። ካልዴኮት የሚሰጠው ለሠዓሊው ነው። ሥዕሉ ታሪኩን መሸከም ይችላል ማለት ነው። ሥዕል ደግሞ እንግሊዝኛ አይናገርም። ስለዚህ ጽሑፉን ትታችሁ በአማርኛ አውሩት።

እኔ ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለትልቋ ልጄ ማታ ማታ በእንግሊዝኛ ነበር የማነብላት። ከክፍል ጓደኞቿ ወደኋላ እንዳትቀር ብዬ። ስድስት ዓመት ሲሞላት አነባበቤን ማረም ጀመረች። ሳቅን። በኋላ ግን ከነከነኝ። አብረን ያለችንን ግማሽ ሰዓት፣ ትምህርት ቤቷ ቀኑን ሙሉ ለሚሰጣት ቋንቋ ሳስረክብ ኖሬያለሁ።

ለታናሽ ወንድሟ መንገዱን ያስቀየረኝ ናንሲ ታፉሪ የሠራችው የዳክዬ መጽሐፍ ነው። ርዕሱ «ጫጩቴን አይታችኋታል?» እንደማለት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የካልዴኮት ክብር አግኝቷል። ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል። ጎጆ ውስጥ ስምንት ጫጩቶች አሉ። አንዷ ቢራቢሮ ተከትላ እብስ ትላለች። እናት ሰባቱን አስከትላ ኩሬውን ትዞራለች። ያገኘችውን ሁሉ ያንኑ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። ጠፊዋ ግን በየገጹ ጥግ ይዛ ተሸሽጋለች። እናት አታያትም፤ ልጃችሁ ያያታል።

አሁን ጥያቄውን በአማርኛ ጠይቁ። ወዲያው ትቸገራላችሁ። ማንን ነው የምትጠይቀው? እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃዋል። እኛ መወሰን አለብን። ኤሊውን ልጄ ሽማግሌ አደረገው፤ እንግዲያው «አባባ ኤሊ፣ ጫጩቴን አይተዋታል?» ሆነ። ወፏን «አይተሻታል?»፣ ቢቨሩን «አይተሃታል?» አለ። (ለቢቨር፣ ለዚያ ወንዝ ዳር ለሚኖረው ጥርሳም እንስሳ፣ አማርኛ ስም አላገኘሁም፤ ቢቨር ብለን አለፍን። ለሁሉም ነገር ቃል ልፈልግ ካላችሁ ሳትጀምሩ ልጁ ይተኛል።) ወደ ሰባቱ እህትና ወንድሞቿ ዞሮ ደግሞ «እናንተስ? አይታችኋታል?» አለ። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ፤ በአንድ ማታ፣ በአንድ ጥያቄ። ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን አያታቸውን «አንተ» ሲሉ እንሳቀቃለን። ግን «እርስዎ» የሚሉት ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ከየት ያምጡት? ኤሊው ለዚህ ጠቀመን።

የጫጩቷም ጾታ የእናንተ ምርጫ ነው። ሴት ካላችኋት እስከ መጨረሻው ሴት ትሁን። መሀል ላይ «አይተኸዋል?» ካላችሁ ልጁ ይይዛችኋል።

ፍለጋው ራሱ የቦታ ቃላት ማለማመጃ ነው። ልጁ በጣቱ ሲያሳይ ዝም አትበሉ። «ከሸንበቆው ኋላ ናት? ከእንጨቱ ሥር?» በሉ። እሱ በእንግሊዝኛ ከመለሰ አትቆጡ፣ አታርሙም። «አዎ፣ ከሸንበቆው ኋላ!» ብላችሁ ገጹን ግለጡ። «ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» የምትለዋን ጥያቄ ግን ተዉአት። ጨዋታውን ፈተና ታደርገዋለች። ይልቅ ቀደም ብላችሁ ለብቻችሁ ገልጡትና ኩሬ፣ ጎጆ፣ ቄጠማ የሚሉትን አስታውሱ። እኛም እንረሳለን፤ ማፈር የለም።

ከፍ ላለ ልጅ የሮበርት ማክሎስኪን የዳክዬ መጽሐፍ ፈልጉ፤ በእንግሊዝኛ ርዕሱ «ሜክ ዌይ ፎር ዳክሊንግስ» ይባላል። በ1942 እ.ኤ.አ. ሜዳሊያውን ያሸነፈ ነው። ቦስተን የምትኖሩ ከሆነ የዳክዬዎቹ የነሐስ ሐውልት ፐብሊክ ጋርደን ውስጥ አለላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል። መስመር በመስመር ልተርጉም ካላችሁ ትንገዳገዳላችሁ። ገጹን አይታችሁ በራሳችሁ አፍ ተናገሩት።

ከሱ አንድ ብልሃት ሰርቄያለሁ። ስምንቱ ጫጩቶች ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የወጣው፤ ጃክ፣ ካክ፣ ላክ እያለ እስከ ኳክ። እኛም የታፉሪን ጫጩቶች በፊደላችን ሰየምናቸው። እናቷን የሚከተሉት ሰባቱ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ናቸው። ከሰልፉ ወጥታ ቢራቢሮ የምታሯሩጠው ስምንተኛዋ ቧ ናት። እናቴ በስልክ ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። አሁን በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው «ቧ ተገኘች?» ብላ ነው። ልጁም «አዎ እማማ፣ አባባ ኤሊን ጠይቀናቸው ነበር» ይላታል።