ነጠላ የለበሰው ማሽን፦ የስፌት ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊገባ ሲል ኮምፎርት የሚያሰፋው ሰው ይበዛል፤ ለዚያም መሰለኝ ብዙ ሰፊ አዲስ ማሽን ገዝቷል። ገዝቶም ፈርቶታል። በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ውስጣቸው ሲፈተሽ ፍርሃት ነው ያለው። ከባዱን አስቀድሜ ልመልስ።

ከዳንግላ፦ «ሃያ ዓመት በእግር ማሽን ሰፍቻለሁ። ልጄ ባለ ሐዲዱን የኮምፎርት መስፊያ ከነመወጠሪያው ገዛልኝ። ነጠላ አልብሼ ካስቀመጥኩት ሁለት ወር ሆነው። ልጄ ሲደውል ‹እየሰፋሁበት ነው› እለዋለሁ። ባበላሸውስ?»

እትዬ፣ ፍርሃትዎ ያለ ነገር አይደለም። እስከ ዛሬ የለመዱት ማሽን ባለበት ቆሞ ጨርቁን ይስባል፤ ጥርሱ ከስር ይጎትታል፣ እጅዎ ያቀናል። በአዲሱ ግን ጨርቁ መወጠሪያው ላይ ተጠቅልሎ ይቆማል፤ ማሽኑ ነው በሐዲዱ ላይ የሚሄደው። ሃያ ዓመት የተማሩት ተገለበጠብዎ ማለት ነው። ይህን ሲሸጡልዎ ሊነግርዎ የሚገባ ሰው ነበር።

ነገር ግን እጅዎ ይህን ሥራ ከስፌቱም በፊት ያውቀዋል። እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ ቆሞ የሚዞረው እጅዎ አይደለም? ከዳር ይጀምራሉ፣ እየጠበቡ ወደ መሀል ይገባሉ። እጅዎ ሲፈጥን ሊጡ ይሳሳል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ባለ ሐዲዱም እንደዚያው ነው፤ ሞተሩ በአንድ ፍጥነት እየመታ እጅዎ ሲቸኩል ስፌቱ ይረዝማል፣ ሲያመነታ ይጠቀጠቃል። በአንድ ኢንች ከ8 እስከ 10 ስፌት ከወጣልዎ ለኮምፎርት ደህና ነው። ማሽኑ የስፌት መቆጣጠሪያ ካለው ደግሞ ጉዞውን እየለካ ርዝመቱን ራሱ ያስተካክልልዎታል። ያብሩት፤ ምን ያሳፍራል?

መጀመሪያ ግን ማሽኑን ሐዲዱ መሀል ላይ አቁመው እጅዎን ይልቀቁት። ወደ አንድ ጎን ከተንከባለለ ወለሉ አልተስተካከለም፤ ከመወጠሪያው እግር ስር ስስ እንጨት ያስገቡ። የቤታችን ወለል እንደሆነ ያውቁታል። ብዙ ሰው «ማሽኑ አልታዘዝ አለኝ» የሚለው በዚህ ነው። በሐዲዱ ላይ የወደቀ ቁራጭ ክርም ጎማውን ያንገጫግጨዋል፤ በጨርቅ ይጥረጉት።

ቀጥሎ መርፌውን ያውጡ፣ ሞተሩን አያብሩ፣ ዝም ብለው ማሽኑን ይንዱት። ክርንዎን ወደ ጎንዎ ሰብሰብ አድርገው ከወገብዎ ይንቀሳቀሱ፤ በትከሻ የነዳ ማታ አይተኛም። ዓይንዎም መርፌው ላይ ተተክሎ አይቅር፣ የሚሄዱበትን ይይ። ሊጡን ያዙሩት፣ ከፈለጉ ሀ ሁን ይጻፉ። በማግስቱ አሮጌ አንሶላ በሁለት ወገን፣ መሀሉ ላይ ጥጥ አድርገው ይወጥሩና በክር ይሞክሩት።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ጨርቁን እንደ ከበሮ ይወጥሩታል። ከታች በጣትዎ ገፍተው ከላይ በሌላኛው እጅ ያንኑ ጣት ቆንጠጥ ማድረግ ካልቻሉ ከሮብዎታል፤ ክር ይበጠሳል፣ ስፌት ይዘላል። ማሽኑን ድንገት ሲጠመዝዙትም መርፌው ይታጠፋል። መርፌ ቢሰበር መርፌ ነው፤ ይቀየራል።

የመጀመሪያውን ኮምፎርት ለደንበኛ አይስፉ። ለራስዎ አልጋ ይሁን። ልጅዎንም እየሰፉ ሳሉ ይደውሉለት፣ ድምፁን ይስማው።

ከቢቸና፦ «ከሲንጀር የእግር ማሽን ወደ ሞተር ማሽን ገባሁ። ገና እግሬ ሲነካው እንደ ፈረስ ይፈረጥጣል። ጌታዬ ይስቅብኛል።»

ወንድሜ፣ ሞተርህ ሳትሰፋም ሁልጊዜ የሚያጉረመርም ከሆነ የቆየው ዓይነት ነው፤ ፔዳሉ ሲነካ በሙሉ ጉልበቱ ይይዛል። የፋብሪካ ማሽን በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ሊመታ ይችላል፤ የአንተ እግር በሲንጀር ያን ያህል መቼ ሄዶ ያውቃል? ጌታህ ከፈቀደ የሞተሩን ፑሊ፣ ቀበቶው የሚዞርበትን ጎማ፣ በአነስተኛ ያስቀይር፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሰርቮ የሚሉት አዲሱ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱ በቁልፍ ይመጠናል፣ ካልረገጡትም ዝም ይላል።

እስከዚያው ከደብተር ገጽ ገንጥል። ያለ ክር በመስመሩ ላይ ስፋ፣ ቀዳዳዎቹ ከመስመሩ ሲወጡ ታያቸዋለህ። ሦስት አራት ገጽ ሳትወጣ ከጨረስክ ወደ ጨርቅ እለፍ። ያን መርፌ ግን ለጨርቅ አትጠቀምበት፤ ወረቀት ያደንዘዋል። ክር ስታስገባ ሞተሩን አጥፋ፤ ካጠፋህ በኋላም ፔዳሉን ረግጠህ የቀረውን ዙር አስጨርሰው። ይህን የምለው የግራ እጄ አመልካች ጣት ጥፍር ስለተበሳ ነው።

ከቡሬ፦ «ከላይ ስፌቱ ያምራል፤ ስገለብጠው ከስር ክሩ ተንዘላዝሎ የጥጥ ክምር ይመስላል። ቦቢኑን፣ የስር ክር የሚጠነጠንበትን፣ ስንቴ አስተካከልኩት! እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም?»

ከስር የተንዘላዘለው ብዙ ጊዜ የላይኛው ክር ነው፤ ቦቢኑን በከንቱ ከሰሱት። ክሩን ሲያስገቡ ጨርቁን የሚጫነው የማሽኑ እግር ወርዶ ከነበረ የክር ማጥበቂያው ሳህኖች ተዘግተዋል፣ ክሩ መሀላቸው አልገባም። እግሩን አንስተው እንደገና ከመጀመሪያው ያስገቡት። ካልተስተካከለ የላይኛውን ማጥበቂያ ትንሽ ያጥብቁ። የቦቢን ክር ወደ ላይ ተጎትቶ ከታየ ግን ላይኛው ከሯል፤ ያላሉት። የቦቢን ቤቱን ብሎን የመጨረሻ ያድርጉት፣ እሱንም ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ። ስለ መፈጠርዎ ደግሞ፣ እኔ በየሳምንቱ ይገጥመኛል።

ከሞጣ፦ «መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ እንዳይቃጠል እፈራለሁ። ዘይትስ ከወጥ ቤት ቢሆን?»

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ሲመጣም ትንሽ እስኪረጋ ይቆዩ። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይይዛል። ነጩን የማሽን ዘይት፣ ያውም ጠብታ፤ ከዚያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ሰፍተው ትርፉን ያስተፉት።

ከፍኖተ ሰላም፦ «እህቴ ከአሜሪካ ማሽን ላከችልኝ። ሶኬቱ በአስማሚ ገብቷል፤ ላብራው?»

አታብሪው! የሶኬቱ መግባት ምንም አይነግርሽም። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ 120 አካባቢ። በማሽኑ ጀርባ ወይም ስር ያለችውን ጽሑፍ አንብቢ። «100–240» ካለ ምንም አይሆንም። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ግን ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል፤ ስትገዢም ትራንስፎርመሩ የሚችለው ዋት ማሽኑ ላይ ከተጻፈው የሚበልጥ ይሁን። እስከዚያ መዘውሩን በእጅሽ እያዞርሽ ክር ማስገባቱን ተለማመጂ።