ኢንስፔክተሯ እንግዳ አይደለችም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ቤቴ ውስጥ ዴይኬር (የልጆች መዋያ) ከከፈትኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፣ ላይሰንሱን እስካወጣ ስንት መከራ እንዳየሁ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። ባለፈው ሰሞን ኢንስፔክተሯ ሳትነግረኝ ከች አለች። ጠዋት ነው፣ ትልልቆቹ ቁርስ በልተው እየተጫወቱ ነበር፣ ትንንሾቹ ተኝተዋል። ያው እኛ ቤት የመጣ ሰው አፉን ሳያረጥብ አይወጣም፣ ግቢ ቁጭ በይ ብያት ሻይ ልጥድ ኪችን ሄድኩ፣ ስመለስ ፊቷን ቅጭም አርጋ ስትጽፍ አገኘኋት። ቤቴ እኮ መስታወት ነው፣ ያየው ሁሉ ይመሰክራል። ግን ሶስት ነገር ጻፈችብኝ። አንደኛ ክሪብ (የህፃን አልጋ) ውስጥ የተኛው ህፃን ብርድ ልብስ ለብሷል ብላ፣ ሁለተኛ የጓደኛዬን ልጅ ቆጥራ (14 ወሯ ነው፣ እናቷ ቀጠሮ ስላላት ለትንሽ ሰዓት ያዢልኝ ብላ ትታት ሄዳ ነው) ከሁለት ዓመት በታች ሶስት ሆኑ ብላ፣ ሶስተኛ የፋየር ድሪል (እሳት ቢነሳ ለመውጣት የሚደረግ ልምምድ) ወረቀትሽ ባዶ ነው ብላ። ድሪሉን እኮ እንሰራለን፣ አልጻፍኩትም እንጂ! አሁን ላይሰንሴን ይነጥቁኝ ይሆን? ወላጆችስ ያዩታል? እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ስላልሆነ የፈረምኩትም በደንብ አልገባኝም። ባለቤቴ ደሞ ሴትዮዋ ሀበሻ አትወድም ባይ ነው። ምን ላርግ?
እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ እንቅልፍሽን ተኚ። እንደዚህ ዓይነት ነገር አንዴ ስለተጻፈብሽ ብቻ በማግስቱ መጥቶ ላይሰንስ የሚነጥቅሽ የለም። የሚሆነው ምንድነው፣ ጉድለቱ ይመዘገባል፣ እስከዚህ ቀን አስተካክዪ ትባያለሽ፣ ማስተካከልሽም ይታያል። ቤት ወደመዝጋት የሚኬደው ልጆቹ አሁኑኑ አደጋ ላይ ናቸው ሲባል ነው፣ ወይ አንዱ ጥፋት በተደጋጋሚ ሲገኝ፣ ወይ ባለቤቷ በር አልከፍትም ስትል ወይ ስትዋሽ። ልጅ በዝቶባቸው ኢንስፔክተር ሲመጣ ሁለቱን ቤዝመንት የሚያወርዱ አሉ ይባላል፣ እባካችሁ እንደዛ አታርጉ፣ ከመብዛቱ መደበቁ ነው ጉድ የሚያፈላው።

አሁን ወደ ሻዩ ልምጣ፣ አንቺ ከጥፋት አልቆጠርሽውም እንጂ እኔን ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ኢንስፔክተሯ እንግዳ አይደለችም። አንቺ ሻይ ልትጥጂ ስትሄጂ ልጆቹን ማን እያየ ነበር? እሷ ናት እንዳትዪኝ፣ እሷ ልጅ ልትጠብቅልሽ አልመጣችም፣ የመጣችው አንቺ እንዴት እንደምትጠብቂ ልታይ ነው፣ እና ያየችው ነገር አሳዳጊዋ ሰው ለማስተናገድ ብላ ልጆቹን ጥላ ስትሄድ ነው። እኛ ሀበሾች የቤታችን ስም የሚጠራው በአቀባበላችን ስለሆነ ኢንስፔክሽን ሲባል ምንጣፍ መጥረግ፣ ሶፋ መሸፈን፣ እጣን ማጨስ ነው የሚታየን፣ ግን እሷ ሶፋሽን አታይም። ሲንክ ስር ያለው በረኪና ተቆልፎበታል ወይ ብላ ቁምሳጥኑን ትከፍታለች፣ መድኃኒት ልጅ የማይደርስበት ቦታ መሆኑን ታያለች፣ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ይሰራ እንደሆነ ትፈትሻለች፣ ሙቅ ውሃሽ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሄዶ ልጅ የሚያቃጥል እንዳይሆን ትለካለች፣ ከዛ ደሞ ቆማ አንቺን ታያለች። ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ እጅሽን ታጠብሽ? የህፃኑንስ እጅ? ሌሎቹ የት ናቸው፣ ታያቸዋለሽ ወይስ ድምፃቸውን ብቻ ነው የምትሰሚው? ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ መታወቂያዋን እይ፣ አስገቢያትና ወደ ስራሽ ተመለሽ። ዳይፐር እየቀየርሽ ከነበረ ቀይሪ፣ እያበላሽ ከነበረ አብዪ። ነውር አይደለም። በዓል ደርሶ ከሆነ ደሞ ድፎ ዳቦ ጠቅልለሽ ይዘሽ ሂጂ እንዳትያት፣ የመንግስት ሰራተኛ ናት፣ ችግር ውስጥ ነው የምትከቻት።

ከተጻፉብሽ ሶስት ነገሮች አንዱ ከሌላው እኩል እንዳይመስልሽ። ብርድ ልብሱ ከባዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 3,500 የሚሆኑ ህፃናት ከእንቅልፍ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታሉ፣ ድንገት ነው፣ አንዳንዴ ሳያለቅሱ ነው። ለዛ ነው ዓመት ያልሞላው ልጅ በጀርባው ይተኛ፣ ፍራሹ ጠንካራና ደልዳላ ይሁን፣ ክሪቡ ውስጥ ከተወጠረ አንሶላ በቀር ምንም አይኑር የሚባለው። ትራስ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፣ አሻንጉሊት የለ፣ በየጎኑ የሚታሰረው ስፖንጅም የለ (እሱ ባምፐር የሚሉት በ2022 በወጣ የፌዴራል ህግ ጭራሽ መሸጡም ተከልክሏል)። እናቶቻችን በጋቢ ጠቅልለው ነው ያሳደጉን፣ አውቃለሁ፣ ልጅ ካልተሸፈነ በረደው ብለን ነው የምንጨነቀው፣ ግን ከበረደው የሚለበስ የእንቅልፍ ከረጢት አለ፣ ስሊፕ ሳክ የሚሉት፣ እሱን አልብሺው። ወላጁ ራሱ ሸፍኚልኝ ወይ በሆዱ አስተኚልኝ ቢልሽም እሺ እንዳትዪ፣ የሐኪም ወረቀት ሳይኖር የወላጅ ቃል አያድንሽም። ክሪቡንም ከሰው በቅናሽ የገዛሽው ከሆነ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ እንዳይሆን እዪ፣ ያ ዓይነቱ ከ2011 ጀምሮ መሸጡ ቀርቷል፣ ዴይኬር ውስጥ ደሞ ከ2012 መጨረሻ ወዲህ መጠቀም አይቻልም። አሁንም በየጋራዡ ተቀምጦ በነፃ ውሰዱ የሚባል አለ።

የጓደኛሽ ልጅ ጉዳይ የይሉኝታ ጉዳይ ነው። በሜሪላንድ ህግ ቤት ውስጥ የሚከፈት ዴይኬር ቢበዛ 8 ልጅ ነው (ያንቺ ወረቀት ላይ ያነሰ ከተጻፈ የሚሰራው እሱ ነው)፣ ከነሱ ውስጥ ከሁለት ዓመት በታች የሚሆኑት ከሁለት አይበልጡም፣ ፈቃድ ያለው ሁለተኛ አዋቂ አብሮሽ ካልሰራ በስተቀር። የራስሽ ጨቅላም ካለ ይቆጠራል። ብር ተቀበልሽ አልተቀበልሽ፣ አንድ ሰዓት ሆነ አስር ደቂቃ፣ ህጉ ጓደኝነት አያውቅም። ምክንያቱም ቀላል ነው፣ እሳት ቢነሳ በሁለት እጅሽ ስንት የማይራመድ ልጅ ይዘሽ ትወጫለሽ? በዛ ላይ ለዛች ልጅ የድንገተኛ ጊዜ ፎርም የለሽ፣ የክትባት ወረቀት የለሽ፣ አለርጂ ይኑራት አይኑራት አታውቂም። ጓደኛሽ ተቀየመችም አልተቀየመች ቁርጡን ንገሪያት፣ ‹‹ኢንስፔክተር ከመጣ እንጀራዬ ነው የሚዘጋው፣ ቅዳሜ ከሆነ ግን እኔ ነኝ የምይዝልሽ›› በያት። የኛ ሰው እምቢ ሲባል ይከፋዋል እንጂ እንጀራ ሲባል ይገባዋል።

ፋየር ድሪሉ ላይ ብዙ አልልሽም። ያልተጻፈ ነገር ለኢንስፔክተር ያልተሰራ ነው፣ አለቀ። በየወሩ ስትሰሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ልጅ እንደነበረና ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ ጻፊ። ቅጹን ፍሪጁ ላይ ለጥፊው፣ እስክሪብቶም እሰሪበት። ወረቀት ካነሳን አይቀር የልጆቹን ፎርም፣ የክትባት ማስረጃ፣ የመድኃኒት ፈቃድ፣ የፈርስት ኤይድና የሲፒአር (ትንፋሽ ወይ ልብ ሲቆም የሚሰጥ እርዳታ) ሰርተፍኬትሽን በአንድ ባይንደር አርጊው፣ እሷ ቆማ እየጠበቀች መሳቢያ ስትበረብሪ ልጆቹ ብቻቸውን ይቀራሉና።

ሴትዮዋ ሀበሻ አትወድም ለሚለው ባለቤትሽ፣ ልቧን አላየሁም፣ ግን የጻፈቻቸው ሶስቱም ነገሮች ለማንም ቢሆን የሚጻፉ ናቸው። ያልሆነ ነገር ተጽፎብኛል ካልሽ ሱፐርቫይዘሯን የማነጋገርና ተቃውሞሽን በጽሁፍ የማስገባት መብት አለሽ፣ ጉዳዩ ላይሰንስ ወደማገድ ከሄደ ደሞ ይግባኝ ማለት ትችያለሽ፣ ቀነ ገደብ ስላለው ደብዳቤ ሲደርስሽ አታስቀምጪው። ትልቁ ነገር ግን ቋንቋው ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ መስሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ መሰረት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው የቋንቋ እርዳታ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ስለዚህ ‹‹አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ›› በያት፣ በስልክ ያገናኙሻል። ባልሽ አያስተርጉምልሽ፣ እሱ ‹‹ምንም አይደል ፈርሚ›› ብሎ ነው የሚያሳጥረው። የፈረምሽውንም አሁኑኑ ኮፒውን አውጥተሽ ለሚያነብልሽ ሰው አስነብቢ፣ የማስተካከያው ቀን እዛ ላይ ነው ያለው።

ወላጆች ያዩታል ወይ? አዎ ያዩታል። በ2014 የወጣው የፌዴራል የህፃናት እንክብካቤ ህግ እያንዳንዱ ስቴት የኢንስፔክሽን ውጤት ኢንተርኔት ላይ እንዲያወጣ፣ ቢያንስ በዓመት አንዴም ሳይነግር እንዲፈትሽ ያስገድዳል። የሜሪላንዱ ድረ ገጽ ቼክ ሲሲኤምዲ ይባላል። ስለዚህ ወላጅ እዛ ላይ ከማንበቡ በፊት አንቺ ንገሪው፣ ይሄ ተጻፈብኝ፣ ይሄን አስተካከልኩ ብለሽ። ሰው የሚሸሸው ከተጻፈው ነገር ሳይሆን ከደበቅሽው ነገር ነው፣ አንዳንዱ ወላጅ እንዲያውም ስለነገርሽው ይበልጥ ያምንሻል።

ጥያቄ፦ እኔም ዴይኬር አለኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ጋ ለስድስት ወር ልትቀመጥ ነው። ልጅ ማሳደግ ከኔ በላይ ታውቃለች፣ ዶክተር ጋ ስሄድ ልጆቹን ብታይልኝ ምን ችግር አለው? ቡናም ሳታፈላ መዋል አትችልም፣ ኢንስፔክተር ቢመጣ ይከለክላል?
ከጀርመንታውን

መልስ፦ እማማን እንኳን በደህና መጡ በይልኝ። ስድስት ወር የሚቀመጥ ሰው ግን ለላይሰንሲንግ ሰዎች ቤት ውስጥ የሚኖር አዋቂ ነው፣ ስለዚህ ከመምጣታቸው በፊት፣ ካልሆነም አሁኑኑ፣ ለላይሰንሲንግ ስፔሻሊስትሽ ደውለሽ አስታውቂ፣ አሻራና ባክግራውንድ ቼክ ይጠየቃል። ልጆቹን ለሳቸው ትቶ መሄድ ግን በፍፁም አይሆንም። አስር ልጅ አሳድገው ሊሆን ይችላል፣ አልተፈቀደላቸውም፣ በቃ። ለዶክተር ቀጠሮሽ አስቀድሞ የተፈቀደ ተተኪ ሰው ያስፈልግሻል፣ እሱን ዛሬ ፈልጊ።

ቡናውን ማታ ልጆቹ ሲሄዱ ያፍሉ፣ በስቶቭ። ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ከነጭራሹ ይቅር፣ ለልጅም ለሳቸውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። እጣኑም አስም ላለበት ልጅ ደግ አይደለም። ሌላው አያቶች ላይ የማየው፣ ልጅ ሲያለቅስ ማር በጣት ማስላስ ነው። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ክልክል ነው፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ያመጣል። እሱን በትህትና ግን በጥብቅ ንገሪያቸው፣ ‹‹እኛ በማር አድገን ምን ሆንን›› ማለታቸው አይቀርም።

ጥያቄ፦ ኢንስፔክተር ብለው ሁለት ዓይነት ሰዎች ይመጣሉ፣ አንዷ ስለ ምግብ ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። የቷ ናት ላይሰንሴን የምትይዘው?
ከዊተን

መልስ፦ ስለ ምግብ የምትጠይቅሽ የፌዴራሉ የምግብ ፕሮግራም ውስጥ ስላለሽ፣ ገንዘቡን የሚያስተላልፍልሽ ድርጅት የላካት ናት። በዓመት ሶስት ጊዜ ትመጣለች፣ ቢያንስ ሁለቱን ሳትነግርሽ፣ አንዴም በምግብ ሰዓት። የምታየው ሜኑሽን፣ የልጆቹን ቁጥርና የሞላሽው ወረቀት መግጠም አለመግጠሙን ነው፣ አምስት ልጅ እየበላ ሰባት ብለሽ ከሞላሽ የሚቆረጠው ብሩ ነው፣ ከባሰም ከፕሮግራሙ መውጣት አለ። ላይሰንሱን የምትይዘው ከስቴቱ የትምህርት መስሪያ ቤት፣ ከቻይልድ ኬር ቢሮው የምትመጣዋ ናት። ሁለቱንም ግን በር ላይ መታወቂያ ጠይቂ፣ በተለይ ልጆች ቤት ካሉ። መታወቂያ ስለጠየቅሻት የምትቀየም ኢንስፔክተር የለችም።