ስለ ብኵርና የተረፉ ጥያቄዎች

እሑድ እዚህ ጅማ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ብኵርናን ገና እንደጀመርን ዝናቡ በተነን። የተረፈውን ጥያቄ በስልክም በወረቀትም ልካችሁልኛል፤ እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ታላቅ ወንድሜ «በኵር ነኝ፣ ከአባታችን ቤት እጥፍ ይገባኛል፤ ዘዳግም 21 ላይ ተጽፏል» እያለ ነው። እውነት ነው?

መልስ፦ መጻፉስ ተጽፏል። ሦስት ወንድማማቾች አራት ጆንያ ቡና ቢወርሱ በኵሩ ሁለት፣ ሌሎቹ አንዳንድ ይወስዳሉ። ግን ወንድምህ ከቁጥር 15 ጀምሮ ያንብበው። ሕጉ የወጣው አባትየው ለሚወዳት ሚስቱ ልጅ ሲል የተጠላችውን ሚስት በኵር እንዳይበድል ነው። በእኛ አገር ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን እኩል ያወርሳል።

ጥያቄ፦ ዔሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ ብቻ ሸጠ?

መልስ፦ እንጀራም ነበረው። ዘፍጥረት 25፥34።

ጥያቄ፦ ቆላስይስ 1፥15 ክርስቶስን የፍጥረት በኵር ካለው ፍጡር ነው ማለት አይደለም?

መልስ፦ የአርዮስ ወገኖችም ይህን ቃል ይዘው ተከራክረውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘውም ወልድን ፍጡር ማለታቸው ነው። እኛ ጅማ ላለን ግን አንድ ቃል ያግዘናል፦ አንጋፋ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤቴ «አንጋፋ» ሲል የመጀመሪያ ልጁን ነው። አማርኛችን «አንጋፋ ጋዜጠኛ» ሲል ግን ማን ቀድሞ ተወለደ የሚል የለም፤ ማዕረግ ነው። የዕብራይስጡ «በኮር»ም እንዲሁ ከልደት ወደ ማዕረግ ተሻግሯል። ዳዊት የእሴይ ስምንተኛ ልጅ ነው፤ መዝሙር 89 (በዳዊታችን 88) ግን እግዚአብሔር በኵር እንደሚያደርገው ይናገራል። በልደት ቢሆን «ማድረግ» ከየት ይመጣል? ኤፍሬምም የምናሴ ታናሽ ሆኖ ሳለ ኤርምያስ 31፥9 በኵር ይለዋል።

እውነቱን ለመናገር ቃሉ ብቻውን ክርክሩን አይቋጨውም፤ «በኵር» የመጀመሪያ ልጅም ማለት ነውና። የሚቋጨው ቀጣዩ ቁጥር ነው፤ ሁሉ በእርሱ ተፈጠረ ካለ እርሱን ከተፈጠሩት መሀል መቁጠር አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሉቃስ 2፥7 «የበኵር ልጅዋን» ማለቱ ማርያም ሌሎች ልጆች ወልዳለች ማለት ነው?

መልስ፦ ከዚህ ቃል አይወጣም። ዘጸአት 13 በኵር የሚለው ማሕፀን የሚከፍተውን ነው። ዘኍልቍ 18፥16 በአንድ ወሩ በአምስት ሰቅል ይዋጅ ይላል፤ ሁለተኛ እስኪወለድ የሚጠብቅ የለም። ልብ በሉ፣ ለርስት የሚቆጠረው የአባት በኵር ነው፣ ለቤዛ ግን የእናት።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዬ ሴት ናት። በኵር ትባላለች?

መልስ፦ ለቤዛው የሚቆጠሩት ወንዶች ናቸው፣ እኅቴ። ነገር ግን ዘፍጥረት 29፥26 ላይ ላባ ልያን የጠራበት የዕብራይስጥ ቃል «በኪራ» ነው፤ የ«በኮር» አንስታይ። ስለዚህ ትባላለች።